መጀመሪያ ካራቫኗ ትመዘን

ካራቫኔን፣ ማለትም በጎማ የምትሄደውን ተጎታች ቤቴን፣ የምጎትትባትን ሂሉክስ ሸጥኳት። ገዢው መቂ አካባቢ ሽንኩርት ሊጭንባት ነው፤ ለሽንኩርት ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች። ለእኔ ግን በቃት። 2.8 ሊትር ሞተሯ ካራቫን አስከትሎ የአሰላን ዳገት ሲያያዝ፣ ኢተያ ሳንደርስ የሙቀት መርፌዋ ቀዩን ትነካለች። ቴስታታዋ (የሞተሯ የላይኛው ክዳን) ደጋግሞ ቶርኖ ቤት ገብቷል፤ በመጨረሻ ባለሙያው አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የሚላግ ብረት የለውም» ብሎ መለሰልኝ።

ለማታውቁኝ፦ አዳማ ነው የምኖረው፤ ሥራዬ ጉድጓድ ውስጥ የሚሰምጡ የውሃ ፓምፖችን መጠገን ነው። ቦሰት፣ ፈንታሌ፣ ዶዶታ፣ ሂጦሳ እያልኩ እዞራለሁ። ፓምፕ የሚቃጠለው ከተማ ዳር አይደለም፤ ሁልጊዜም አልቤርጎ የሌለበት ቦታ ነው። ካራቫኗን ያገኘኋት አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ በጨረታ ነው። ሁለት አልጋ፣ ሞርሳ የተገጠመለት የሥራ ጠረጴዛ፣ የውሃ በርሜልና ትንሽ ጄኔሬተር አላት። እኔና ረዳቴ ሌሊቱን እዚያው አድረን ጠዋት ሥራ እንጀምራለን። ያለ እሷ በቀን ሁለት ጊዜ መመላለስ ነው፤ ትርፉን ነዳጅ ይበላዋል።

መኪና ፍለጋ ስወጣ ደላሎቹ ሁሉ የጀመሩት ከፈረስ ጉልበት ነው። አንደኛው «ኢንጂነር» እያለ ነው የሚጠራኝ (አይደለሁም፤ ግን ማረም ሰልችቶኛል)። «ኢንጂነር፣ ይቺን ከያዝክ ካራቫን አይደለም፣ ተራራ ትነቅላለህ!» ይለኛል። ተራራ የመንቀል ሐሳብ የለኝም። መጎተት እኮ ቀላሉ ነገር ነው፤ ማርሽ ከቀነሱለት የትኛውም መኪና ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ከኋላ የሚገፋህን፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚያወዛውዘውን ነገር ማዘዝ ነው ከባዱ። እዚያ ላይ የሚሠራው የመኪናው ክብደት፣ የአክስሎቹ ርቀት፣ ፍሬኑና ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ መኪናውን መያዙ ነው። ስለዚህ የመኪና ምርጫ ከመኪናው አይጀምርም፤ ከተሳቢው ነው የሚጀምረው።

እኔም መጀመሪያ ካራቫኗን ይዤ የሄድኩት አንድ ዱቄት ፋብሪካ ወዳለው የመኪና ሚዛን ነበር። ባዶዋን አይደለም፤ በርሜሏ ውሃ ሞልቶ፣ ጄኔሬተሩ፣ የገመድ ጥቅልሉ፣ መለዋወጫ ሞተሩና ሽሮው ሁሉ ገብቶ፣ ለሥራ እንደምትወጣው አድርጌ። 1,850 ኪሎ መጣች። ሻጩ በጨረታው ቀን «ከአንድ ቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ባዶዋን ማለቱ ይሆናል።

ካራቫን መጎተት የተለመደ በሆነባት እንግሊዝ፣ የካራቫን ማኅበራት ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አለ፤ የተሳቢው ክብደት ከባዶ መኪናው ክብደት ከ85 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል ይላሉ። ሕግ አይደለም፣ ምክር ነው። በዚያ ሒሳብ ለእኔ 1,850 ኪሎ ወደ 2,180 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያስፈልጋል። መንገዳችን ጉድጓድ፣ ፍየልና በቀኝ የሚቀድም ባጃጅ ያለበት ስለሆነ እኔ ምክሩን እንደ ሕግ ነው የወሰድኩት። ዝርዝሬም በአንድ ጊዜ አጠረ። ራቭ ፎር ወጣ፤ ራሱ ከካራቫኗ ይቀልላል። ቪታራም እንዲሁ። «ጠንካራ ናት እኮ» የሚል ክርክር ነበር፤ ጥንካሬዋን አልካድኩም፤ ክብደቷ ነው ያልበቃኝ።

ሁለተኛው ልኬት ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ካራቫኗ በአንገቷ (ከመኪናው ጋር በምትያያዝበት የፊት ዘንግ) በመኪናው ጋንቾ (መጎተቻ) ላይ የምትጥለው ክብደት። ከጠቅላላ ክብደቷ ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለእኔ ከ92 እስከ 130 ኪሎ ማለት ነው። ለመለካት ፋብሪካ አያስፈልግም። የሰው መመዘኛ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ በላዩ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ አንገቷን ማሳረፍ ነው፤ ካራቫኗ ግን ሜዳ ላይ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። በመጀመሪያው ልኬት 60 ኪሎ እንኳ አልሞላችም፤ ጄኔሬተሩም የገመድ ጥቅልሉም ከኋላ ነበሩና። ጄኔሬተሩን ከአክስሉ ፊት አዛወርኩት፣ ገመዱን ከአልጋው ሥር አደረግኩት፤ 110 ሆነ። ባለቤቴ ሚዛኗ ላይ ያ ሁሉ ብረት መውጣቱን ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

አንገቷ ሲቀልል ምን ይሆናል? አዳማን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። ከተማዋ ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ 51 ሜጋ ዋቱም ከእሱ በኋላ የመጣው 153 ሜጋ ዋቱም፣ እዚህ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ካራቫን ደግሞ በጎማ ላይ የቆመ ግድግዳ ነው። ከወለንጪቲ አልፈን ወደ መተሐራ ስንወርድ፣ በተለይ የበሰቃ ሐይቅ ዳር ያለው ክፍት ቦታ ላይ ነፋሱ ጎኗን ይመታታል። በዚያ ላይ መንገዱ የጅቡቲ መንገድ ነው፤ አገር የሚጭኑ ተሳቢዎች በአጠገብህ ሲያልፉ መጀመሪያ ይገፉሃል፣ ቀጥሎ ይስቡሃል። አንገቷ የቀለለ ካራቫን ያኔ ጅራቷን መወዝወዝ ትጀምራለች፤ ውዝዋዜው ደግሞ ፍጥነት ባለ ቁጥር ራሱን ያሳድጋል። ሲጀምር እግርን ከነዳጅ ማንሳትና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ በመሪ ልከተላት ያለ ወይም ፍሬን በድንጋጤ የረገጠ ያባብሰዋል። ለዚህ ነው በነፋስ ቀን ከ70 የማላልፈው። የኋላ መኪና ክላክስ ያድርግ፤ ክላክስ አያወዛውዝም።

መኪናው በዚህ ላይ ምን ይጨምራል? ክብደቱ አንድ ነው። የፊትና የኋላ አክስሉ ርቀት ሌላ ነው፤ ረጅሙ ይሻላል። ሦስተኛውን ደላላ አይነግራችሁም፤ ከኋላ አክስሉ እስከ ጋንቾው ኳስ ያለው ርቀት ነው፤ ይሄ ሲያጥር ይሻላል። ያ ጭራ ሲረዝም ካራቫኗ የመኪናውን ቂጥ ወዲያና ወዲህ የምትመራበት ዘንግ ታገኛለች። ሜትር ይዤ ነበር የምዞረው። ደብል ጋቢና ፒክአፖች የአክስል ርቀታቸው ጥሩ ነው፤ ሂሉክስ ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ግን ሠንዱቁ ረዝሞ፣ በላዩ ወፍራም ባምፐር ተበይዶ፣ ጭራው ያለ ልክ የረዘመባቸውን ብዙ አይቻለሁ። «ይሄ ባምፐር ኦሪጅናል አይደለም፣ ጥንካሬ ነው» አለኝ አንዱ ሻጭ።

ከዚያ የቱርቦ ነገር መጣ፤ ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው። ይሄኛው ላይ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋር ብዙ ቡና ጠጥተናል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ታልፋለች፤ አሰላ 2,400 ገደማ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ለምሳሌ የላንድክሩዘሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ያ 1ኤችዜድ የሚባለው፣ በወረቀት 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ አሰላ ላይ ወደ 100 ይወርዳል። ቱርቦ ያለው አዲሱ የሂሉክስ 2.4 ሊትር ሞተር 150 አለው፤ ከፍታውም ያን ያህል አይነካውም። ሽማግሌው «ልጄ፣ ዳገት የምትወጣ ከሆነ ቱርቦ ነው፤ ምን ያከራክርሃል?» አሉኝ።

ያከራከረኝ ናፍጣው ነው። ነዳጅ ሁልጊዜ ከማደያ አልቀዳም፤ ማደያ ሰልፍ ሲሆን ወይም ገጠር ስሆን ከጀሪካን ነው። የጀሪካን ናፍጣ ውስጥ ውሃም አፈርም አለ። የአዲሶቹ ሞተሮች ኢንጄክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው) በጣም ከፍተኛ ግፊት ላይ ስለሚሠራ ያንን አይታገስም፤ አንድ ስብስብ ኢንጄክተር ለመቀየር የሚጠየቀውን ዋጋ ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። አሮጌው በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ ናፍጣ ማጣሪያውን ከቀየርክለት ይረሳልሃል። ሌላው ቁልቁለቱ ነው። ትልቅ ሲሊንደር ያለው ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ከትንሹ የበለጠ ይይዛል። ከኢተያ ወደ ዴራ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ መልካሳ ስንወርድ ይሄ ለእኔ ከዳገቱ ፍጥነት ይበልጥብኛል። ዳገት ላይ ብዘገይ ምን ይሆናል? የተቃጠለ ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቀኝ አይብስበትም።

ለሽማግሌው ይህን ስነግራቸው ፈገግ አሉና «እንግዲያው ብሩን ነው የምትፈልገው፣ ቱርቦውን አይደለም» አሉ። ብሩንማ ማን ይጠላል።

የገበያውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን ከባድ አደረገው፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ባለበት ቆሞ ዋጋው ወደ ላይ ሄደ። ላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ ያ 79 የሚባለው፣ ለሥራዬ ከሁሉ ይስማማኝ ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ደላላውን እንኳ አልተከራከርኩትም፤ ሻዩን ከፍዬለት ሄድኩ። ፕራዶ ክብደቱም ጭራውም ጥሩ ነው፤ ግን ፕራዶ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው መኪናውን ብቻ አይደለም፣ ክብሩንም ይጨምርበታል።

ባለቤቴ ኤሌክትሪክ ይሁን አለች። የናፍጣ ሰልፍ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ ምሳ እንደቀረሁ እሷ ናት የምታውቀው። ሐሳቧን አቅልዬ አላለፍኩትም። ኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ነው፣ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱ ወዲያው ነው፣ ከፍታ አይነካውም፣ ቁልቁለት ላይም ባትሪውን እየሞላ ይይዛል። በእነዚህ ሁሉ ከናፍጣው ይበልጣል። ግን ካራቫን ሲያስከትል በአንድ ሙሊት የሚሄደው መንገድ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ የአሰላ ዳገት ሲጨመር ከዚያም ያንሳል። እኔ የምደርስባቸው ቀበሌዎች ውስጥ ፓምፑ ራሱ በሶላር ወይም በጄኔሬተር ነው የሚሠራው፤ የመኪናዬን ባትሪ ከየት ልሙላ? ከመንደሩ የመጠጥ ውሃ ጄኔሬተር? ደግሞ እዚህ ያየኋቸው አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ ጋንቾ የሚታሰርበት ቦታ የተዘጋጀለትም፣ ስንት ኪሎ ይጎትታል የሚል ወረቀት ያለውም አላገኘሁም። ፋብሪካው ምንም ያላለበትን መኪና በብየዳ ልጎትትበት አልችልም። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትሠሩ፣ ቀላል የጁስ ወይም የበርገር ተሳቢ ያላችሁ ግን፣ የመጎተት ፈቃድ ያለው ሞዴል ካገኛችሁ አትለፉት።

በመጨረሻ የገዛሁት ማንም ያልመከረኝን ነው፤ ኒሳን ፓትሮል፣ ዋይ61 የሚባለው አካል፣ 4.2 ሊትር ያለ ቱርቦ ናፍጣ፣ ማንዋል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሸጦት ሁለተኛ ሰው እጅ የገባ ነው። ክብደቱ ከምፈልገው ያልፋል፤ የአክስል ርቀቱ 2.97 ሜትር ነው፤ ጭራው ከለካኋቸው ፒክአፖች ያጥራል፤ መጽሐፉም ፍሬን ላለው ተሳቢ ከ2 ቶን በላይ ይፈቅዳል። ዋጋው ለሂሉክስ ከተጠየቅኩት ሁለት ሦስተኛ አልሞላም። ለምን? «ሲሸጥ አይፈለግም» ነው መልሱ። «ኢንጂነር፣ ነገ ማን ይገዛሃል?» አለ ደላላው አዝኖልኝ። ነገ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው እውነቱን ነው፤ እኔ ግን ልሠራበት ነው የገዛሁት፤ ገበያው የጠላውን መኪና ሠራተኛ ሊወደው ይገባል።

ከድርጅት የወጣ መኪና ስትገዙ ግን አንድ ነገር፦ ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሎ መጠናቀቁን የጉምሩክ ወረቀቱን አይታችሁ ካላረጋገጣችሁ ብር አትቁጠሩ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። እኔ ከዚያ በተጨማሪ ሥሩ ተኝቼ የኋላውን የሻንሲ ጫፍ በመዶሻ አንኳኳሁት፤ ጋንቾው የሚታሰረው እዚያ ነውና፣ ዝገት ካለ ድምፁ ይናገራል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ዳገት አስወጥቼ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት እንደሆነ አየሁ፤ ተንሸራተተ፤ ከዋጋው ላይ አስቀነስኩበት።

ጋንቾውን ለማሠራት ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። ሁለቱ ሻንሲው ላይ በብየዳ እንለጥፈው አሉ። ብየዳ ብረቱን በሙቀት ይቀይረዋል፣ ከጎኑም ይሰነጠቃል፤ ሰውና ፓምፕ ጭኜ በዚያ አልወርድም። ሦስተኛው ወጣት ልጅ ነው፤ ከወፍራም ላሜራ ቆርጦ በሻንሲው ግራና ቀኝ በቡሎን አሰረልኝ፣ ከፋብሪካ የነበሩትን ቀዳዳዎች ተጠቅሞ። ኳሱ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካራቫኗ አንገት ላይ የተጻፈውም ያው ነው። ከፍታውን ደግሞ ካራቫኗ ተጭና ስትቆም አግድም እንድትሆን አድርጎ አወረደው። ሰንሰለት በሁለት በኩል፣ ፍሬኗን የሚስበው የአደጋ ካቦ ደግሞ በሌላ ቀለበት፤ ጋንቾው ራሱ ቢነቀል ካቦው አብሮት እንዳይሄድ።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ፤ ስኮርት ጎማው የኋላ በር ላይ ስለሆነ ካራቫኗ ተያይዛ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ዕቃ ለማውጣት በጎን በር ነው። ረዳቴ ቀጭን ስለሆነ እስካሁን ችግር አልሆነም።

አሰላ ድረስ ወጣን። ከኢተያ በላይ በሦስተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴም በሁለተኛ፤ አይሱዙዎች ሽንኩርት ጭነው ቀድመውኛል። የሙቀት መርፌዋ ግን ከመካከል አልተነሳችም። ስንመለስ ከጎንዴ ጀምሬ ሦስተኛ ውስጥ አስገብቼ ለቀቅኳት፤ ፍሬን የነካሁት ለመታጠፊያና ለከብት ብቻ ነው። ናፍጣ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ገደማ ጠጥታለች፤ ሂሉክሷ ከዚህ ታንስ ነበር፣ ይሄን አልደብቅም። የፍጆታውን ልዩነት የራዲያተርና የቴስታታ ወጪ ላይ ሳሰላው ግን አዲሷ ታዋጣለች።

አሁን የቀረው የካራቫኗ የራሷ ፍሬን ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ እሷ ከኋላ ትገፋለች፣ ግፊቱ አንገቷ ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ውስጥ ይከተዋል፣ ዘንጉ ካቦውን ይስባል፣ ካቦው ሸራውን (የፍሬኑን ልባስ) ከጎማው ታምቡር ጋር ያጣብቃል። አሮጌ ስለሆነች ወደ ኋላ ስንሄድም ያው ይሆናል፤ ረዳቴ ወርዶ ማንሻዋን ካላጠፈ ራሷን ይዛ ትቆማለች። የግራው ሸራ አልቋል፣ የዚያው ጎማ ኩሽኔታም ድምፅ ጀምሯል። ሸራውን እዚሁ አዳማ ማስለጠፍ ይቻላል፤ ኩሽኔታው ላይ ያለው ቁጥር ግን ተፍቆ አይነበብም። ከመንገድ ሥራ ካምፕ የወጣች እንዲህ ዓይነት ባለ አንድ አክስል ካራቫን ያላችሁ፣ ኩሽኔታዋን ቀይራችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ቁጥሩን ንገሩኝ። ሰኞ ወደ ፈንታሌ መውጣት አለብኝ።